የአርባ ፓሌቶች የክብር ስንብት

በዚያ መሥሪያ ቤት አንድም ቀን ስህተት ተፈጽሞ አያውቅም፤ የተፈጸመ ከመሰለም በቃለ ጉባኤ ተስተካክሏል። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ምስማር ሳይጠየቁ መቅረታቸውን ስህተት ነው ለማለት አይቻልም። ዐቢይ ኮሚቴው ሲቋቋም ሐሳብ እንዲሰጡ የሚጠሩ ሰዎች ዝርዝር ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋም ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፈ አንድ የሒሳብ ሹም እንኳ ስሙን የሚሰርዝለት ጠፍቶ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። እማማ ምስማር ግን አልነበሩም። ሟቹ ስብሰባ ላይ ባለመገኘቱ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ እማማ ደግሞ አዳራሹን ጠርገው፣ ወንበሩን ደርድረው፣ በሩን ከውጭ ገጠም አድርገው ሄዱ።

የኮሚቴው ስም «ካገለገለ እንጨት ከፍ ያለ የአትክልት መደብ አዘጋጅ ዐቢይ ኮሚቴ» ይባላል። ስሙ ረዝሞ ሥራው አጭር ነው፤ የተጣለ ሳጥንና ፓሌት የሚባለውን የዕቃ መጫኛ የሳንቃ ርብራብ ፈታትቶ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ገጥሞ፣ አፈር ሞልቶ፣ አትክልት መትከል።

ታዲያ እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ለታሪክ ያህል ትነገር። እማማ ምስማር ይህንኑ ሥራ ከመጋዘኑ ጀርባ ሲሠሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ቦታ ድሮ መኪና የሚታጠብበት ነው። ጠጠሩ የተቃጠለ ዘይት ሲጠጣ ኖሮ ከሰል መስሏል፤ እንኳን አትክልት አረም ይጠየፈዋል። እማማ መጥረጊያቸውን ተደግፈው አዩት፣ አዩትና «መሬቱ እምቢ ካለ ከመሬቱ በላይ ይሆናላ!» አሉ። ከዚያ በኋላ የመለዋወጫ ዕቃ የመጣበትን ሳጥን፣ የወለል ንጣፍ የተጫነበትን ፓሌት፣ መጋዘኑ ወደ ውጭ የሚወረውረውን ሁሉ መሰብሰብ ያዙ። ሳንቃውን አይሰብሩትም፤ በመዶሻው ጥፍር ቀስ እያሉ ያላቅቁታል። የጎበጠውን ምስማር ድንጋይ ላይ አስተኝተው፣ ጎኑን እያገላበጡ፣ ቀጥ እስኪል ይኮረኩሙታል። ስሙ የወጣላቸው ከዚህ ነው። ከምላሳቸው ነው የሚሉም አሉ፤ የሚሉት ግን ራቅ ብለው ነው።

ከመቸንከራቸው በፊት ሳንቃውን ያሸቱታል። የተባይ መድኃኒት በርሜል ተሸክሞ የኖረ እንጨት ሦስት ክረምት ቢዘንብበትም አፍንጫ ይወጋል፤ እሱ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ይሆናል እንጂ የሚበላ ነገር አይተከልበትም። ደህናውን ገጥመው ውስጡን ጆንያ ያለብሱታል፣ ከሥሩ ውሃ መውጫ ክፍተት ይተዉለታል፣ የክበቡን የአትክልት ልጣጭና የግቢውን ቅጠል አበስብሰው ከአፈር ጋር ይሞሉታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሦስት መደብ አቆሙ። አንዱ ቆስጣ፣ አንዱ ሰላጣ፣ አንዱ ካሮት።

ሰላጣው በየቀኑ በሠራተኞች ክበብ ይቀርባል። ሥራ አስኪያጁ ሹካውን አንስቶ «ይህን የሚያቀርብልን ነጋዴ ታማኝ ሰው መሆን አለበት» ማለት ይወዳል። (ሥራ አስኪያጁ «አለ» እየተባለ የሚጻፈው በዕድሜ የእማማ የመጨረሻ ልጅ ስለሚሆን ነው፤ ወንበሩን ለመድፈር አይደለም።)

እማማ የሚኖሩባት የኪራይ ክፍል ደጃፏ ሲሚንቶ ነው። አከራያቸው አንዲት የሽንኩርት ችግኝ በቆርቆሮ ቢያስቀምጡ «ግቢ አታበላሹብኝ» ብላ ሜዳ ላይ ትደፋዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቢሮ፣ የሰው ደረጃ፣ የሰው መስኮት ሲወለውሉ ኖረዋል። «የኔ» ብለው እጃቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ቢኖር እነዚያ ሦስት መደቦች ብቻ ናቸው። ማለዳ ከሥራ በፊት ሄደው የቆስጣውን ቅጠል ገለጥ ገለጥ እያደረጉ «እንደምን አደራችሁ?» ይሏቸዋል። መልስ ጠብቀው አያውቁም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ግማሹም ሰላምታ አይመልስላቸውም።

ነገሩ የተጀመረው ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ሳምንት ሥልጠና ሲመለስ ነው። በስልኩ ውስጥ አንድ ፎቶ ይዞ መጣ። ፎቶው ላይ ከፓሌት የተሠራ መደብ፣ መደቡ ላይ ሰላጣ፣ ሰላጣው ላይ የጠዋት ፀሐይ አለ። ሠራተኛውን በሙሉ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ እንባ እየተናነቀው ተናገረ።

«የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ! እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ሰው ያላሰበውን፣ ማንም ሰው ያልደፈረውን…»

እማማ ከኋላ ሆነው መስኮት ያብሱ ነበር። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ፎቶውን አዩት። የፎቶው መደብ ከሥሩ ክፍተት የለውም። «ይሄ በሁለት ዝናብ ይበሰብሳል» አሉ ለራሳቸው፤ ድምፃቸው ግን ለራስ የሚሆን ድምፅ አይደለም።

«ምን አሉ እማማ?» አለ ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት።

«ውሃ መውጫ የለውም አልኩ። የኔዎቹን መጥተህ እያቸው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ናቸው።»

«አይ እማማ!» አለና ፈገግ አለ፤ አዳራሹም ተከትሎት ፈገግ አለ። «የእርስዎ እኮ ሳጥን ነው። ይሄ ፕሮጀክት ነው።»

እማማ መስኮቱን አንድ ጊዜ ብቻ አብሰው ትተውት ወጡ። ያ መስኮት እስከ ዛሬ ግማሹ አቧራ ነው።

ኮሚቴው ሥራውን በከፍተኛ ቁርጠኝነት ጀመረ። መጀመሪያ ከበላይ የመጣውን መመሪያ አነበበ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «እንጨቱ ያገለገለ፣ አገልግሎቱን የጨረሰና ተጥሎ የተገኘ መሆን አለበት።» የእቅድ ክፍሉ ኃላፊ፣ መመሪያ ሲያነብ መነጽሩን ሁለት ጊዜ የሚወለውል ጠንቃቃ ሰው፣ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ዞረ።

«ስንት ፓሌት ተጥሎ ተገኝቷል?»

«ምንም» አለች ንብረት ክፍሏ። የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ሳቅ የማያስችላት ሴት ናት። «የሚጣለውን ሁሉ እማማ ምስማር ይወስዱታል። እዚያው ጀርባ መደብ ሠርተውበታል፤ ሂዱና…»

«መደቡ በእቅድ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የለም» አለ የእቅድ ክፍሉ፣ መነጽሩን እየመለሰ።

ሥራ አስኪያጁ ግን አርቆ አሳቢ ነው። መደቡ ባይኖርም ሊታይ ይችላል ብሎ ሰጋ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ከበላይ መሥሪያ ቤት ገምጋሚ ትመጣለች፤ ያልታቀደ ቆስጣ ብታይ ምን ትላለች? ስለዚህ ደብዳቤ ተጻፈ። ለእማማም በእጃቸው ተሰጣቸው። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ወረቀቱን ወደ ንብረት ክፍሏ ይዘው ሄዱ።

«አንብቢልኝ እስቲ።»

ንብረት ክፍሏ ዓይኗን አስሮጠችበትና ፊቷ ተለወጠ። «እማማ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«ቆሜ ነው የምሰማው።»

«‹ጉዳዩ፦ ያለ እቅድ የተሠሩ ሦስት መደቦችን ስለማፍረስ። ከመጋዘን ጀርባ በግል ተነሳሽነት ያቆሟቸው መደቦች የግቢውን ገጽታ የሚያበላሹ ሆነው ስለተገኙ እስከ ሐሙስ ጠዋት በራስዎ እጅ አፍርሰው እንዲያነሱ እናሳስባለን።› ማህተም አለው።»

እማማ ወደ መጋዘኑ ጀርባ አዩ። የቆስጣው ቅጠል ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ካሮቱማ ጣት አላከለም።

«ማህተሙ ክብ ነው?»

«ክብ ነው እማማዬ።»

«እንግዲህ ክብ ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉና ወረቀቱን አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

ያገለገለ እንጨት በመጥፋቱ ኮሚቴው ከዚህ ደብዳቤ አንድ ወር ቀደም ብሎ አርባ አዲስ ፓሌት አዝዞ ነበር። ፓሌቶቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ማጣበቂያ ማጣበቂያ የሚሸቱ ነበሩ። ንብረት ክፍሏ ተቀብላ ፈረመችና ጭንቅላቷን ያዘች።

«እነዚህ እኮ አዲስ ናቸው! መመሪያው ያገለገለ ነው የሚለው።»

ጉዳዩ ለሦስት ሰዓት ተመከረበት። በመጨረሻ የእቅድ ክፍሉ ኃላፊ ብድግ ብሎ «ያላገለገሉ ከሆነ ለምን አናስገለግላቸውም?» አለ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በየቀኑ አይገኝም፤ ሻይ ታዘዘለት።

ለሦስት ሳምንት አርባ ፓሌቶች ግቢው ውስጥ ተዘርግተው አገለገሉ። ሠላሳ ስምንቱ ላይ ከመዝገብ ቤት የወጣ አሮጌ ፋይል ተጫነባቸው። ፋይል ላልደረሳቸው ሁለቱ፣ ቅሬታ እንዳይፈጠር፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር ተቀመጠባቸው። ጠዋት ጠዋት የእቅድ ክፍሉ በመካከላቸው እየዞረ መገኘታቸውን ይቆጣጠራል። ከአርባዎቹ አንድም የቀረ፣ አንድም ያረፈደ አልነበረም፤ ከሠራተኛው ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ አስደናቂ ነበር።

የእማማ ደብዳቤ በደረሰበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ስንብት ተደረገላቸው። ንብረት ክፍሏ ለእያንዳንዱ ፓሌት የአገልግሎት ማብቂያ ደብዳቤ ስትጽፍ ጣቷ ቆሰለ። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አጥብቆ፣ ከፓሌቶቹ ፊት ቆሞ ንግግር አደረገ።

«ለሦስት ሳምንታት ያለ ዕረፍት፣ ያለ ዓመት ፈቃድ፣ ያለ አንዳች የደመወዝ ጥያቄ ይህንን ተቋም በጀርባችሁ ተሸክማችኋል። ተቋሙም ውለታችሁን አይረሳም!»

ሰው አጨበጨበ። እማማ በአሥራ ዘጠኝ የአገልግሎት ዓመታቸው እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምተው አያውቁም። ቢሆንም አብረው አጨበጨቡ፤ ፓሌቶቹ ምን አጠፉ?

ንብረት ክፍሏ በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው። «እማማ፣ ደብዳቤያቸውን ሳላነብላቸው ብሸኛቸው ይቀየሙኝ ይሆን?»

«ተዪ አንቺ ልጅ፣ አታስቂኝ። ሰው ሐዘን ላይ ነው።»

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መመሪያው «ተጥሎ የተገኘ» ይላል። ሐሙስ በሁለት ሰዓት ዘበኛው አርባውን ፓሌት ከግቢው በር ውጭ እንዲጥል ታዘዘ። ኮሚቴው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያ በኩል በአጋጣሚ ያልፋል፣ በአጋጣሚ ያያቸዋል፣ ፎቶ አንሺውም በአጋጣሚ ካሜራውን ይዞ ይገኛል። ከዚያ ሁሉም መዶሻ ይዞ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መደብ ይሠራል። እቅዱ እንከን አልነበረውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሚቴው አዳዲስ ባርኔጣ አድርጎ በአጋጣሚ ከበሩ ብቅ አለ። ደጁ ባዶ ነው። አንዲት የሳንቃ ስንጣሪ እንኳ የለችም።

«ፓሌቶቹስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጣልኳቸው» አለ ዘበኛው፣ ቆቡን አስተካክሎ።

«መጣልህንማ አወቅን! የት ሄዱ?»

«ሰው ወሰዳቸዋ! አንዱ ለዶሮ ቤት ብሎ ስድስት ወሰደ። አንዷ በጋሪ መጣች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ‹ተጥለው ነው?› ብለው ጠየቁኝ፤ ‹አዎ አባባ፣ አገልግሎታቸውን ጨርሰዋል› አልኳቸው። ደብዳቤም አላቸው አይደል?»

«አትጠብቃቸውም ነበር?!»

«ጌታዬ፣ ጣል አሉኝ እንጂ ጠብቅ አላሉኝም። ደግሞ የተጣለ ነገር ከተጠበቀ መቼ ተጣለ?»

የእቅድ ክፍሉ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። ወደ አዳራሹ ተመልሰው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡ። ስብሰባው ሲጋጋል ገምጋሚዋ ልትደርስ ሩብ ሰዓት ቀርቷታል። በእጃቸው አርባ የስንብት ደብዳቤ፣ አሥር ባርኔጣ፣ አሥር መዶሻ አለ። መደብ የለም።

«ከመጋዘኑ ጀርባ ሦስት መደብ አለ» አለች ንብረት ክፍሏ።

ባርኔጣዎቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ የሌለ የተባለው መደብ ቀስ በቀስ መኖር ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ገባው። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ ከዚያ ዛሬ ሐሙስ መሆኑ ትዝ ሲለው ሮጠ።

እማማ ምስማር ከማለዳ ጀምረው እዚያው ናቸው። የቆስጣውን መደብ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሩት። «እንደምን አደራችሁ?» ሊሉ ብለው ተዉት። በመጨረሻ መዶሻውን አንስተው የፊት ለፊቱን የላይኛ ሳንቃ ምስማር ነቀሉ። አፈሩ ተናደና ጫማቸው ላይ ፈሰሰ፤ አንድ የቆስጣ ሥር ነጭ ሆኖ ተንጠለጠለ። እማማ ሥሩን በጣታቸው መልሰው ወደ ውስጥ ከተቱት፤ ወደሚያፈርሱት መደብ ማለት ነው። ሁለተኛው ሳንቃ ላይ ደርሰው ነበር።

«እማማ! ይቁሙ! ይተዉት!»

አልዞሩም። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሥራ አስኪያጁ!»

«እንደምን አደርክ። ሥራ ላይ ነኝ፤ ትዕዛዝ አለብኝ።»

«ትዕዛዙ ተነስቷል እማማ!»

«የታለ?»

«ምኑ?»

«የተነሳበት ነዋ! አፍርሺ የሚለኝ ወረቀት ነው፣ ክብ ማህተም አለው። አታፍርሺ የሚለኝ ባዶ አፍ ነው። በዚህ ቤት አፍና ወረቀት ቢጣሉ ማን እንደሚያሸንፍ ያስተማርከን አንተ አይደለህ?» አሉና የመዶሻውን ጥፍር ከሳንቃው ሥር ሰደዱት። ሳንቃው ሲጥጥ አለ።

«ኧረ በእናትዎ! እንግዳዋ ልትደርስ ነው!»

«ታዲያ ቶሎ ጻፋ። ምን አቆመህ?»

ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኙን አየ። ተንበረከከ፤ አንድ ሳጥን ገልብጦ ጠረጴዛ አደረገው። ንብረት ክፍሏ ወረቀትና ማህተም ይዛ ከኋላ ደርሳለች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች።

እማማ መዶሻውን ከሳንቃው ሥር ሳያወጡ ማስጻፍ ጀመሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የስብሰባ በር ላይ ቆሞ የከረመ ሰው የሚጎድለው የደብዳቤ ቃል የለም።

«‹ጉዳዩ፦ ሦስቱ መደቦች እንዳይነኩ ስለመወሰኑ።› ጻፍክ? ቀጥል። ‹መደቦቹን ሰባት ዓመት ሙሉ በገዛ እጃቸው የሠሩት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው።› ወረድ በል። ‹ኮሚቴው ሰላጣውን እየበላ መደቡን ሳጥን ነው ሲል ኖሯል።›»

ብዕሩ ቆመ። «እማማ፣ ይሄኛው… ለደብዳቤ አይመችም።»

«ሰላጣው ተመችቶህ የለ? ጻፍ!»

ከበሩ በኩል የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ብዕሩ መሮጥ ጀመረ።

«አራተኛ፣ ‹ከዛሬ ጀምሮ መደቦቹ ላይ ማንም ሰው ባለቤቷን ሳያስፈቅድ መዶሻም ሆነ የፕሮጀክት ሰሌዳ ይዞ አይጠጋም።› ማህተሙን ምታበት። ምታ እንጂ፣ አያምህም! በል አሁን አንብብልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በለሆሳስ አነበበ። ስለ መወሰኑ አነበበ። ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ አነበበ። መዶሻና ሰሌዳ ስለማይጠጋው ነገር አነበበ። ወረቀቱን አጠፈ።

«አንዱ መስመር የት ቀረ?» አሉ እማማ።

«የቱ?»

«አራት ጊዜ ነገርኩህ። እጅህ አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ሲመለስ እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ። አፍህ ግን የሄደው ሦስት ጊዜ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ቀላ። «እሱን… እሱን በልቤ አነበብኩት እማማ።»

ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ከመጋዘኑ ጥግ አንዲት ሴት ፋይል ታቅፋ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀጥ ብሎ ቆስጣው ላይ ነው፤ የተንበረከከውን ሰውዬ ገና አላየችውም።

«ደስ ሲል!» አለች። «እነዚህን የሠራቸው ማነው?»

ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር ኮሚቴው እስከ ዛሬ በቃለ ጉባኤ አልመዘገበውም፤ እማማ ምስማር መዶሻቸውን ከሳንቃው ሥር አውጥተው ትከሻው ላይ ቀስ ብለው አሳርፈውበት ነበርና።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሏት። ከዚያ ጎንበስ ብለው «በል፣ ያንን ወረቀት ዘርጋው» አሉት። «ከመጀመሪያው ጀምር፣ ድምፅህንም ከፍ አድርግ። ሦስተኛውን መስመር ከልብህ አውጥተህ በአፍህ። ለእኔ አይደለም፣ እኔማ ሰባት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ፤ ለእሷ አንብብላት!»